«ሥራሽስ ምንድን ነው?»

እዚህ ቶሮንቶ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ «የሴቶች ቴኒስ ቡድን ረዳት አሠልጣኝ መሆን እፈልጋለሁ» ብትል የቤተሰቧ መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፦ «እሱስ ይሁን፤ ሥራሽስ ምንድን ነው?» ወላጅ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ረዳት አሠልጣኝነት ብዙ ጊዜ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው፤ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉም አሉ። መናቁ ግን ለኢትዮጵያዊ አያምርበትም።

ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባም በ1996 አትላንታ ላይ በማራቶን ወርቅ ሲያመጡ ያልጨፈረ ወገን ማን ነው? የብሔራዊ ቡድኑን አሠልጣኝ የዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን ስም ብዙው ሰው ያውቃል። ሁለቱን ሴቶች በልጅነታቸው በቆጂ ላይ ያሠለጠኑት ግን አቶ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም በእጃቸው አልፈዋል። ልጆቹ ሲጎብዙ ወደ አዲስ አበባ ይሄዱ ነበር፤ መምህሩ ከሚቀጥሉት ልጆች ጋር እዚያው በቆጂ ይቀራሉ።

በካናዳ ደግሞ የአሠልጣኝነት ምስክር ወረቀት የሚሰጥ አገር አቀፍ ፕሮግራም አለ። ወላጅ «ሥራሽስ?» ከማለቱ በፊት ልጁ ምስክር ወረቀቱን ጀምራ እንደሆነ፣ ቡድኑስ ስንት እንደሚከፍላት ቢጠይቅ ይሻላል።