ድምፅም ለመራጩ!

የምኖረው ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ፣ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። ታክሲ እነዳለሁ። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሁ ጀምሮ ድምፄን ለዲሞክራቶች ስሰጥ ኖሬያለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ የስደተኛ ወዳጆች ናቸው ሲባል ሰምቼ፣ አምኜ ነው። ፓርቲው ግን እምነቴን እንደ ርስት ቆጠረው። በምርጫ ሰሞን በሬን ያንኳኳል፤ ግብሩን ተቀብሎ ይሄዳል፤ እስከሚቀጥለው ምርጫ ድምፁ አይሰማም። በአያቴ ዘመን የነበረው ባለርስት እንኳ ከመከሩ ሌላ ለፋሲካ በጉ ብቅ ይል ነበር።

የዚህ አገር ፕሬዚዳንት የሚመረጠው ለአራት ዓመት ነው። በሁለተኛው ዓመት ላይ ግን 435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከ100ው የሴኔት መቀመጫዎችም ሲሶ ያህሉ ለምርጫ ይቀርባሉ። የአጋማሽ ዘመን ምርጫ የሚባለው ይኸ ነው። ሕዝብ በገዢው ፓርቲ ላይ ብሶቱን የሚወጣበት ቀን ነው። በ1994 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የክሊንተን ፓርቲ 54፣ በ2010 የኦባማ ፓርቲ 63 የምክር ቤት መቀመጫ ያጣው በዚሁ ቀን ነው።

የእኛ ብሶት የገነፈለው በኖቬምበር 2 ቀን 2021 ነው። ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትሰረዝ ለኮንግሬስ አስታወቁ። ምክንያቱ በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመው የሰብአዊ መብት ጥሰት ነው ተባለ። ጥሰት አልነበረም አልልም፤ ያለቀው ሕዝብ ሕዝቤ ነው። ግን ኧረ ለመሆኑ፣ ሐዋሳ ላይ ሸሚዝ ሰፍታ የምታድር ልጅ የትኛውን መድፍ ተኮሰች? በዚያው ዕለት የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ምርጫ ነበር። ከመካከላችን ለሪፐብሊካኑ እጩ የቀሰቀሱ ነበሩ፤ ዲሞክራቱም በሁለት ከመቶ ገደማ ተሸነፉ። እኛ ጣልናቸው አልልም፤ ዶሮ ስለጮኸ አይነጋም። ሆኖም በማግስቱ ዓመት በሬን ያንኳኳችው ቀስቃሽ ስሜን አስተካክላ ለመጥራት ሦስት ጊዜ ስትሞክር ሰማኋት።

በጁን 2022 ደግሞ የዋጋ ንረቱ 9.1 ከመቶ ደረሰ፤ አርባ ዓመት ያልታየ ነው። አንድ ጋሎን ቤንዚን በአማካይ ከ5 ዶላር አለፈ። ታክሲ ነጂ ይህን ከጋዜጣ አያነበውም፤ ኪሱ ይነግረዋል። የአጋማሹ ምርጫ ሲቃረብ በየቡና ቤቱ የምሰማው አንድ ነገር ነበር፤ «ዘንድሮስ አልመርጥም! ቤቴ ቁጭ ብዬ እቀጣቸዋለሁ!»

የእኔ ጠብ እዚህ ላይ ነው። ወገኖቼ፣ ኩርፊያ ቅጣት አይደለም! ከገበታ አኩርፎ የተነሣ ጾሙን ያድራል እንጂ ገበታው አይጎድልበትም። በ2014ቱ የአጋማሽ ምርጫ መምረጥ ከሚችሉት አሥር ሰዎች አራቱ እንኳ ድምፅ አልሰጡም። የቀሩት ሁሉ ጠግበው ነው የቀሩት? አይደለም። ነገር ግን የተናደደውም፣ የሰለቸውም፣ እንቅልፍ የጣለውም በቆጠራው ላይ እኩል ናቸው፤ ዜሮ። ፓርቲ ዜሮን አይፈራም። የሚፈራው እርግጠኛ ሆኖ የሚመጣውን፣ ግን ወዴት እንደሚያዘነብል ያልታወቀውን ሰው ነው።

ፓርቲውን መልቀቅ ለማይፈልግም መንገድ አለ። ከዋናው ምርጫ በፊት የፓርቲው እጩ የሚለይበት ቅድመ ምርጫ ይካሄዳል። ጥቂት ሰው ስለሚወጣበት ጥቂት ሰው ይወስንበታል። ስንቶቻችን ቀኑን እናውቀዋለን?

በኦክቶበር 21 ቀን 2022፣ ምርጫው 18 ቀን ሲቀረው፣ የአሜሪካ መንግሥት እዚህ ላሉ ኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ከለላ መፍቀዱን አስታወቀ። ርኅራኄም ይሁን ስሌት፣ የተጠቀመ ወገን ተጠቅሟል። ስሌት ከሆነ ደግሞ የተሰላው በሚጮኸውና በሚመርጠው እንጂ ባኮረፈው አይደለም።

እኔም በኖቬምበር 8 ታክሲዬን አቁሜ ሄድኩ። ማንን እንደመረጥሁ አልናገርም፤ ኃይሌ ምስጢርነቱ ላይ ነው። ገዢው ፓርቲ የተወካዮች ምክር ቤቱን አጣ፤ ሴኔቱን ግን አተረፈ። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ሥልጣኑ ወደ ሪፐብሊካኖች ዞሯል። ለእነሱም የምለው ይኸንኑ ነው፤ ድምፄን ተበድራችሁ ይሆናል እንጂ አልወረሳችሁትም።

ታላላቆቻችን «መሬት ለአራሹ!» ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር። በሰው አገር ሆኜ የእኔ ልመና ከዚያ ያነሰ ነው። ድምፅም ለመራጩ!