ከአዘዞ እስከ ገዳሪፍ

ባለፈው ቅዳሜ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ እዚህ እስራኤል፣ ሻአሪያ ሰፈር ቤታችን ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ወደ እናቴ ተጠጋ። «እማማ፣ የመጣችሁበትን መንገድ ለካሁት» አላት። ለትምህርት ቤት የቤተሰቡን ታሪክ እየጻፈ ነው። የለካው ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከአዘዞ ማለት ነው፣ ሱዳን ውስጥ እስካለው የገዳሪፍ ማረፊያ ድረስ ነው፤ በአየር 280 ኪሎ ሜትር ገደማ። በረራ ቢኖር ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በ45 ደቂቃ ያደርሳል። «ከዚህ እስከ ኤይላት እኮ ነው!» አለ።

እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ልጄ፣ እኛ የቆጠርነው ሰንበት ነው» አለችው። «ሦስት ሰንበት በረሃ ላይ ዋልን።»

የልጁ ቁጥር ትክክል ነው። ብቻውን ደብተሩ ላይ እንዲሰፍር ግን አልፈልግም። በካርታ ላይ የተሰመረ ቀጥታ መስመር ቁልቁለቱን አያሳይም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ገዳሪፍ ወባና ሙቀት ያለበት ቆላ ነው። የመኪናው መንገድ በአይከል አድርጎ መተማ ይወርዳል፤ የኛ ሰዎች፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ግን ወደ እስራኤል ለመድረስ ሲሰደዱ ወታደር እንዳያገኛቸው ከመንገድ ርቀው፣ ቀን ተደብቀው ሌሊት ሄዱ። አንዱን ተራራ መዞር አንድ ሌሊት ይፈጃል። መሪው የሚያውቀው ምንጭ ደርቆ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ሌሊት። ሕፃን ያዘለች እናት፣ በአህያ የተጫነ ሽማግሌ፣ በጫካ የሚጠብቅ ሽፍታ፤ እነዚህ ሁሉ የርቀቱ ክፍል ናቸው።

ደርሰውም አላበቃም። ብዙው ሰው ያለቀው በእግር ጉዞው ብቻ አይደለም፤ እንደ ኡምራኩባ ባሉት የስደተኛ ካምፖች በበሽታና በረሃብም ነው። በመንገድና በካምፕ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል።

እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 የሙሴ ዘመቻ በተባለው በረራ ሰዎቹ ከካርቱም ተነስተው በብራስልስ በኩል ዞረው ወደ እስራኤል መጡ። የዘመቻው ወሬ ሲወጣ በረራው ቆመ። በመጋቢት 1985 ግን የአሜሪካ ሲ-130 አውሮፕላኖች እዚያው ገዳሪፍ አጠገብ አርፈው፣ የቀሩትን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቀጥታ ወደ እስራኤል አመጡ። ወራት የጠበቀ ሰው በሰዓታት ደረሰ። ልጁ በስልኩ የለካው ማረፊያ ለእናቶቻችን እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ሻአሪያን የመሠረቱት የየመን አይሁዶች ናቸው፤ የእነሱም ወገኖች በ1949 እና በ1950 ኤደን ድረስ በእግር፣ በአህያና በጭነት መኪና ደርሰው ከዚያ በአውሮፕላን መጥተዋል። በዚህ ሰፈር በየደጁ የተቀመጡ አረጋውያን ስለ ርቀት ሁለት ዓይነት መለኪያ ያውቃሉ፦ የእግሩንና የአውሮፕላኑን። ጠያቂ ይፈልጋሉ፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው።

ልጁ በዚያ ምሽት ስልኩን ትቶ ብዕር አነሳ። እናቴ የመጀመሪያውን ሰንበት ጀመረችለት፦ የት ዛፍ ሥር እንደዋሉ፣ ዳቦ ቆሎው ለስንት እንደተካፈለ፣ ማን ጸሎት እንዳደረሰ። እስከ እኩለ ሌሊት ስታወራ ሁለተኛው ሰንበት ላይ አልደረሰችም። ሥራውን የሚያስረክበው በመጪው ሳምንት ነው፤ ዓርብ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደኛ እንዲመጣ ለእህቴ ነግሬአታለሁ።