ባለሜዳ የሌለው ሊግ

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ባለሜዳም እንግዳም የሌለው ውድድር ሆኗል። ክለቦቹ ሻንጣቸውን ሸክፈው አንድ ከተማ ይገባሉ፤ ሆቴል ይዘው ለሳምንታት ተራ በተራ ይጋጠማሉ፤ ከዚያ ጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ ይሻገራሉ። ነገሩን ያመጣው የኮሮና ወረርሽኝ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ፤ ሱፐር ስፖርትም ጨዋታዎቹን በዲኤስቲቪ ማሳየት ጀመረ። ወረርሽኙ ሄደ፣ ብልሃቱ ቀረ። ብዙ ሰውም አልተቃወመውም። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በስታዲየም ደጃፍ ሬሳ ያየ አገር ጸጥታ ሲያገኝ ከየት መጣ ብሎ አይመረምርም።

ቢመረምር ግን አይከፋም። ጸጥታው የመጣው ፉክክሩ ስለተገራ አልነበረም፤ ደጋፊው ከጨዋታው ስለወጣ ነው። ከደጋፊው ጋር አብሮ የሄደ ሌላ ነገርም አለ፦ ዛሬ እንግዳ የሚቀበል ነገ ራሱ እንግዳ የሚሆንበት የደርሶ መልስ ሥርዓት። እኔ እንደሚገባኝ የኳስ ሜዳ ረብሻን በእኛ አገር ከፖሊስ ቆመጥ ይልቅ ሲገታው የኖረው ይኸው ነግ በእኔ የሚያሰኝ ሥርዓት ነበር። ረብሻን ለማጥፋት ብለን የረብሻውን ልጓም ነው የጣልነው።

ብዙዎቻችን ስለ እነዚያ ዓመታት የምንተርከው ታሪክ ቀላል ነው፦ ደጋፊዎች ተጠላሉ፣ ተደባደቡ፣ ሊጉ ታመሰ። ዝርዝሩ ግን እንዲህ አይልም። ኅዳር 24 ቀን 2010 ዓ.ም. የአማራ ክልሉ ወልድያ ከትግራዩ መቐለ ጋር ሊጫወት ነበር። ግጭቱ የጀመረው ኳስ ሳትነካ ነው፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ወደመ፣ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። ሁለቱ ክለቦች በሜዳ ላይ የቆየ ቂም አልነበራቸውም፤ በትልቁ ሊግ ገና እየተያዩ ነበር። አንዱ ለሌላው የሚያስታውሰው የተሰረዘ ጎል፣ የተከለከለ ፍጹም ቅጣት ምት፣ በባከነ ሰዓት የተነጠቀ ነጥብ አልነበረም። የነበረው ከሜዳ ውጭ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየካድሬው ስብሰባና በየፌስቡኩ የከረረው የፖለቲካ ጠብ ነው፤ ስታዲየሙ የሚፈነዳበትን ቦታና ሰዓት ብቻ ሰጠው። በዚያው ሰሞን ተመሳሳዩ እሳት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተነሣ፤ እዚያ ደግሞ ኳስ የሚባል ነገር አልነበረም።

በዚያው ዓመት ወልድያ ከፋሲል ከነማ ጋር በነበረው ጨዋታ ዳኛ ላይ ጥቃት ደረሰ። ሁለቱም የአማራ ክልል ክለቦች ናቸው፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር በብሔር ለሚፈታ ሰው ቁልፉ እዚህ አይሠራለትም። ሚያዝያ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከመከላከያ ሲጫወት ዳኛው ተደበደበ፤ ሊጉም ታገደ። ልብ በሉ፤ ሊጉን ያስቆመው ያ ጥቃት ከመቀመጫው የተነሣ ደጋፊ የፈጸመው አልነበረም። ዳኛው ላይ የወጡት የወልዋሎ ቡድን ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በትውስታችን ግን ሦስቱም አንድ ላይ ተቀይጠው «የደጋፊዎች ረብሻ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ስም ማውጣት ቀላል ነው፤ ደጋፊ ማኅተም የለውም፣ መግለጫ አያወጣም፣ ይግባኝ አይልም።

ፖለቲካው ወደ ሜዳ የገባበት በር ግን የት ነበር? በእኔ ግምት በሩ የክለቦቹ ባለቤትነት ነው። የቀድሞውን ሊግ የሚያስታውስ ሰው መብራት ኃይልን፣ ባንኮችን፣ ሙገር ሲሚንቶን፣ መድንን፣ ትራንስ ኢትዮጵያን ይጠራል። የመሥሪያ ቤትና የፋብሪካ ቡድኖች ነበሩ፤ ደጋፊያቸው አንዳንዴ ከተጫዋቾቻቸው ብዙም አይበልጥም። ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲሸነፍ አገር አይዋረድም። ጎንደርን ብቻ እንይ። ከተማዋን በፕሪሚየር ሊጉ ይወክል የነበረው ዳሸን ቢራ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ዳሸን ሲወርድ ፋሲል ከነማ ወደ ላይ ወጣ። በአንድ ክረምት የቢራ ፋብሪካ ቡድን ሄዶ በንጉሥ ስም የሚጠራ የከተማ ቡድን መጣ። ደጋፊው ጎረፈ፤ «አፄዎቹ» ተባሉ። ለእግር ኳሱ ይህ በረከት ነው፤ ባዶ ስታዲየም ሞላ። ነገር ግን የከተማ ቡድን በጀቱ ከከተማ አስተዳደር ነው፣ የቦርድ ሰብሳቢው ብዙ ጊዜ ሹመኛ ነው፣ ሲያሸንፍ ደስታውን የሚገልጸው ከንቲባ ነው። እንዲህ ያሉ ክለቦች ሲበዙ የሊጉ ሰንጠረዥ የአገሪቱን የክልሎች ካርታ መሰለ። የክልል መንግሥታት ሲኳረፉ ክለቦቻቸው በቅዳሜ ከሰዓት መርሐ ግብር መገናኘታቸው አይቀርም።

የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ለዚህ የሰጠው መልስ ገለልተኛ ሜዳ ነበር፤ የአማራና የትግራይ ክለቦች አንዳቸው ወደ ሌላው ከተማ እንዳይሄዱ። ለዚያ ሳምንት ትክክል ነበር እላለሁ፤ ሰው ከሞተ በኋላ መርሕ ይዞ የሚከራከር የለም። ቢሆንም የገለልተኛ ሜዳ ችግሩ የተጋጣሚህን ከተማ እንድትፈራት እንጂ እንድታውቃት አለማድረጉ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከብዙ ሽምግልና በኋላ ቡድኖቹ እንደገና እየተጓጓዙ መጫወት ጀመሩ። የዚያን ዓመት መጨረሻ ሁሉም የፋሲል ደጋፊ ያስታውሰዋል፦ ዋንጫው በመጨረሻው ሳምንት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፋሲል ሽረ ላይ ከስሑል ሽረ ጋር አንድ ለአንድ ወጣ፣ መቐለ 70 እንደርታ ድሬዳዋ ከተማን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። የነጥብ ልዩነታቸው አንድ ነበር። ጊዜው ደግሞ ከሰኔ 15ቱ የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ የባለሥልጣናት ግድያ ብዙም ያልራቀ፣ አገሩ ትንፋሹን የያዘበት ነው። ያን ጨዋታ ጎንደሬው ዛሬም ሲያነሣ ይቆጣል፤ ስለ ዳኛው፣ ስለ አቀባበሉ፣ ስለ ባከነው ሰዓት ይነግርሃል። ልክ ነው አይደለም ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቁጣው ስለ ኳስ መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ የፖለቲካ ግለት ውስጥ ሁለት ክለቦች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው የሆነ፣ ከሜዳ የተወለደ ቂም አግኝተው ነበር። እንዲህ ያለ ቂም በሚቀጥለው ዓመት በጎል ይመለሳል። የሚቀጥለው ዓመት ግን በኮሮና ተሰረዘ፤ ከዚያ ጦርነት መጣ።

አሁን ወደ ጣና ልምጣ፤ ምክንያቱም እዚህ ያለው ፉክክር ሊሆን ይችል የነበረውን ያሳየናል። ሐይቁን በሰሜን ጎንደር፣ በደቡብ ባሕር ዳር ይዘውታል፤ በመኪና መንገድ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። የጣና ሞገዶቹ የሚባሉት ባሕር ዳር ከነማዎች ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደጉት በ2011 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት ባሕር ዳርና ፋሲል በትልቁ ሊግ በየሜዳቸው፣ በየደጋፊያቸው ፊት የተጫወቱበት ሙሉ የደርሶ መልስ ዓመት አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። አንድ! ከዚህች አጭር ዘመን የቀረው ወግ ግን እስካሁን የባጃጅ ሾፌርና የተሳፋሪ ጨዋታ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ጎንደር የተወለደ ጎረቤት፣ ጎንደር የተማረ ወንድም፣ ከጎንደር የመጣች ምራት የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ስታዲየሙ ያኔ ጣራ አልነበረው፣ ወንበር አልነበረው፤ በጋለ ሲሚንቶ ላይ ካርቶን አንጥፈህ፣ ለውዝህን እየፈለፈልክ፣ የሰደብከው ሰው ማታ እራት የምትበላበት ቤት አማች ሊሆን ይችላል። አስጨፋሪው ስድቡን ሲያወርድ ይህን ሁሉም ያውቃል። ስድቡ ጥርስ የሚኖረው፣ ግን የማይነክሰው ለዚህ ነው።

የአዲስ አበባ ስታዲየም ደንበኞች ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። በሸገር ደርቢ የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች ከካታንጋ መቀመጫ እስከ ከማን አንሼ የተወራወሩት ነገር ሁሉ ንጹሕ አልነበረም፤ ድንጋይም ጠርሙስም በርሯል። ሆኖም ሁለቱም ወገን ሰኞ ጠዋት ለአንድ ታክሲ ነው የሚሰለፈው፤ ብዙ ቤት ውስጥም ታላቁ ጊዮርጊስ ታናሹ ቡና ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ የገና ጨዋታ አለን። የላይኛው መንደር ከታችኛው በበትርና በጥንግ ሲፋለም እግር ይሰበር ነበር፤ ግጥሙ ጌታውን ሳይቀር ይዘልፋል፣ ጌታውም እንዳይቆጣ ሥርዓቱ ያስገድደዋል። ፉክክር ፈቃድና ወሰን ሲኖረው እንዴት እንደሚያዝ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ወሰኑ ደግሞ የሚሠራው ተፎካካሪዎቹ ነገም ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ነው።

እንግዳ ደጋፊን ማገድ ሰላም ያመጣል የሚለው እምነት በሌላውም ዓለም ተሞክሯል። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የላኑስ ደጋፊ ከተገደለ በኋላ የእንግዳ ደጋፊዎችን ከለከለች፤ ጠቡ ወደ አንድ ክለብ ደጋፊዎች መካከል ዞረ እንጂ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2018 የቦካ ጁኒየርስ አውቶቡስ ሲደበደብ የሁለቱ የቦነስ አይረስ ክለቦች የሊበርታዶሬስ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ውቅያኖስ ተሻግሮ ማድሪድ ላይ ተደረገ። ከሁሉ የከፋው የኢንዶኔዥያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በካንጁሩሃን ስታዲየም አሬማ ከፐርሰባያ ሲጫወት እንግዳ ደጋፊዎች ታግደው ነበር። ፖሊስ ወደ ሕዝቡ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ መውጫ በሮች ላይ ሰው ተጨናነቀ፣ 135 ሰው ሞተ። ተጋጣሚ ደጋፊ በሌለበት።

እኛም ጋ የከፈልነው ዋጋ አለ፤ ደም ስላልሆነ አይታይም እንጂ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን በዚያ ዓመት ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም። ባሕር ዳር ከነማ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ወጥቶ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሳታፊ ሆነ፤ የታንዛኒያውን አዛምን ያስተናገደው ግን አዲስ አበባ ላይ ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ አይቮሪ ኮስትን ሁለት ለአንድ ሲያሸንፉ የጮኸው የባሕር ዳር ስታዲየም በ2014 ዓ.ም. መግቢያ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ታግዶ ነበርና። በክልሉ የጸጥታው ሁኔታ ከደፈረሰ ወዲህ ደግሞ የሊጉ ጨዋታዎችም ወደ ባሕር ዳር መምጣት አቆሙ። ስለዚህ ዛሬ በዚህች ከተማ አሥር ዓመት የሆነው ልጅ የከተማውን ቡድን በከተማው ያየበት ብዙ ትዝታ የለውም። ፉክክር ግን አላጣም፤ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ አርሰናልና ማንችስተር ብሎ ይጣላል፣ አንዳንዴም ወንበር ይወረወራል። የሚሳደብበትን ከተማ አይቶት አያውቅም፣ አያየውምም። የእንግሊዝ ክለብ ደጋፊ ከመሆን ጋር ጠብ የለኝም፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምገኝ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ነገር ግን ያ ልጅ መሸነፍን ከማን ይማር?

ይህን ስል ስታዲየም በምኞት እንደማይከፈት አውቃለሁ። ካፍ መስፈርት አለው፤ ወንበር፣ መብራት፣ የመልበሻ ክፍል ገንዘብ ይጠይቃል። መንገዱ ሰላም ሳይሆን ደጋፊ በአውቶቡስ ጭነህ ጎንደር አትልክም። ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበርም የተሰባሰበ ውድድር ወጪ እንደሚቀንስ ቢናገር ውሸት የለበትም። የምቃወመው ይህን ሁሉ እንደ ጊዜያዊ ችግር ሳይሆን እንደ መፍትሔ መቁጠርን ነው። በ2017 ዓ.ም. የትግራይ ክለቦች ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሊጉ ተመለሱ። ባሕር ዳር ከመቐለ፣ ፋሲል ከስሑል ሽረ እንደገና ተገናኙ፤ ሦስተኛ ከተማ ላይ፣ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው በሌለበት። ምንም አልተፈጠረም ተብሎ ደስ አለን። ምንም እንዳልተፈጠረ እውነት ነው፤ ዕርቅም አልተፈጠረም። አንድ የመቐለ ደጋፊ ባሕር ዳር መናኸሪያ ወርዶ፣ ማሊያውን ለብሶ፣ ዓሣ በልቶ፣ ተሰድቦ፣ ተሸንፎ ወይም አሸንፎ በደኅና እስኪመለስ ድረስ የተፈተነ ነገር የለም።

ስለዚህ የባሕር ዳር ስታዲየም በሩን እንደገና የሚከፍትበት ቀን ሲመጣ የመክፈቻውን ጨዋታ ለብሔራዊ ቡድን አልሰጥም፤ ዋልያውን ሁሉም በአንድ አፍ ነው የሚደግፈው። ለፋሲል ነው የምሰጠው፤ ከትኬቱም በርከት ያለ ድርሻ ለጎንደር ተለይቶ ይቀመጥ። የሁለቱ ከተሞች የደጋፊዎች ማኅበራት ሳምንት ቀድመው ይገናኙ፣ የመቀመጫ ክፍላቸውን ራሳቸው ይደልድሉ፣ በበሩ ላይ ከፖሊሱ ፊት የራሳቸውን ልጆች ያቁሙ። የመልሱ ጨዋታ ቀንም ያንኑ ዕለት በድምፅ ማጉያ ይነገር፤ ድንጋይ ለማንሣት ያጎነበሰ ሁሉ በስንት ሳምንቱ በጎንደሩ አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም እንግዳ ሆኖ እንደሚቀመጥ ሰምቶ ያጎንብስ።