ባዚቃ ያለበት ዕቃና የነጋዴው ኃላፊነት

ነጋዴ ዕቃውን ሸጦ ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ ነገሩ ሁሉ የተፈጸመ መስሎ ይታየዋል። ስለ ብዙው ዕቃ ይህ አስተያየት እውነት ነው፤ ጨው ይበላል፣ ሳሙና ታጥቦበት ያልቃል፣ አቡጀዲም ተለብሶ ያረጃል። ባዚቃ፣ በዘመኑ አጠራር ሜርኩሪ፣ የገባበት ዕቃ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዕቃው ያልቃል እንጂ ባዚቃው አያልቅም። ቢቀበር በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ ቢቃጠል ሽታም ቀለምም የሌለው እንፋሎት ሆኖ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ወደ ውሃ ቢጣል ደቂቅ ተሕዋስያን ወደ ባሰ መርዝ ይለውጡትና በዓሣ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል።

በጂንካ የቅዳሜ ገበያ ለሚሸጥና ለሚሸምት ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ጂንካ የሚደርስ የጭነት መኪና የፍሎረሰንት መብራት፣ የብርጭቆ ቴርሞሜትር ወይም ፊት ያቀላል የተባለ ቅባት ጭኖ ሊመጣ ይችላል። ከዚያም ዕቃው ወደ ቀይ አፈር፣ ወደ ዲመካ፣ ወደ ቱርሚና ወደ ኦሞራቴ ይወርዳል። መንገዱ ዕቃውን ያወርዳል፤ ስባሪውን ወደ መጣበት የሚመልስ መኪና ግን እምብዛም አይታይም። የጂንካው የነሪ ወንዝ ውሃ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም ዳሰነች ዓሣ ወደሚያጠምድበት ወደ ቱርካና ሐይቅ ይፈስሳል። በጂንካ ጓሮ የተጣለ ነገር በጂንካ ጓሮ አይቀርም።

የባዚቃ ቆሻሻ ምን እንደሚያስከትል ዓለም በከባድ ዋጋ ተምሯል። በጃፓን አገር በሚናማታ ከተማ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ባዚቃ ያለበትን ፍሳሽ ለብዙ ዓመታት ወደ ባሕር ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1956 ከባሕሩ ዓሣ የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው ሲፈዝና አንደበታቸው ሲተሳሰር በሽታው ታወቀ። ከእናታቸው ማኅፀን ታመው የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። የጃፓን መንግሥት የበሽታው መንሥኤ የፋብሪካው ፍሳሽ መሆኑን ያመነው ግን ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1968 ነው።

ለነጋዴ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው የኢራቅ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የባዚቃ መድኃኒት የተቀባ ብዙ የዘር እህል ከውጭ ወደዚያ አገር ገባ። ማስጠንቀቂያው በከረጢቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን የተጻፈው ገበሬው በማያውቀው በስፓኝና በእንግሊዝ ቋንቋ ነበር። ብዙዎች እህሉን በመዝራት ፈንታ ጋግረው በሉት። ሆስፒታል ከገቡት 6,530 ሰዎች መካከል 459ኙ ሞቱ። የማይነበብ ማስጠንቀቂያ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ከ16 የሚበልጡ ሕዝቦች በየቋንቋቸው በሚገበያዩበት በኦሞ ምድር ይህን ልብ የማይል ባለሱቅ ከባድ ስሕተት ይሠራል።

ይኸንኑ አደጋ ለመከላከል መንግሥታት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 የሚናማታን ስምምነት ተቀበሉ፤ ኢትዮጵያም ፊርማዋን አኑራለች። ስምምነቱ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ጸንቷል። በእርሱ መሠረት የባዚቃ ቆሻሻ ጉዳት በማያደርስ አኳኋን ካልተከማቸና ካልተወገደ በቀር እንዲሁ አይጣልም፤ በደኅና ለማስወገድ ካልሆነም ድንበር አይሻገርም። በ2023 በጄኔቫ የተደረገው ጉባኤ ደግሞ ባዚቃ የተጨመረበት ማንኛውም የመዋቢያ ቅባት ንግድ እስከ 2025 ድረስ፣ ረጃጅሙ የፍሎረሰንት መብራትም እንደየዓይነቱ በ2026 እና በ2027 እንዲያበቃ ወሰነ። በአገራችንም የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል።

እዚህ ላይ አስመጪው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በአንድ አገር የታገደ ዕቃ ወዲያው አይጠፋም፤ ዋጋው ወርዶ ቁጥጥር ወደሚላላበት ገበያ ይሄዳል። ያለ ምክንያት የረከሰ መብራትና ያለ ስም የመጣ ቅባት ሲቀርብለት ርካሽነቱ ራሱ ሊያስጠረጥረው ይገባል።

«ትንሽ ባለሱቅ የኬሚስት ዕውቀት ከየት ያመጣል? ቁጥጥሩ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። ቁጥጥር የመንግሥት ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ተቆጣጣሪ ወደ እያንዳንዱ ሱቅ መደርደሪያ ሊደርስ አይችልም፤ ባለሱቁ ግን በየቀኑ በዚያ አለ። ከእርሱ የሚጠበቀውም የኬሚስት ሙያ ሳይሆን የንባብ ትጋት ነው። በቅባቱ ዕቃ ላይ ሜርኩሪዮ፣ ካሎሜል፣ ሲናባሪስ ወይም አሞኒየትድ መርኩሪ የሚል ቃል ቢያገኝ፣ ወይም ቅባቱ ብርና ወርቅ እንዳይነካ የሚያስጠነቅቅ ቢሆን፣ ወደ መደርደሪያ አያውጣው። ስምና የተሠራበት አገር የሌለውንም አይቀበል።

አስመጪው በበኩሉ ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ዕቃው ባዚቃ የሌለበት መሆኑን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ከላኪው ይጠይቅ፤ በፍሎረሰንት ፈንታም ባዚቃ የሌለበትን የኤል ኢ ዲ መብራት ያስመጣ። ጅምላ ሻጩ ያረጀውንና የተሰበረውን መብራት በካርቶን እየሰበሰበ ባዶውን በሚመለስ መኪና ወደ አስመጪው ይላክ። ቴርሞሜትር በሱቅ ውስጥ ቢሰበር በር ተከፍቶ ሕፃናት ይውጡ፤ ጠብታውም በመጥረጊያ ሳይበተን በወፍራም ወረቀት ተለቅሞ በሚከደን ዕቃ ይታሸግ። ወርቅ ገዢውም ባዚቃን ለወርቅ አጣቢ በዱቤ ከመስጠት ይታቀብ፤ ባዚቃ የተቀላቀለበትን ወርቅ በመኖሪያ ቤት ማቃጠል ስምምነቱ እንዲቀር ካዘዛቸው ክፉ ልማዶች አንዱ ነውና።

ይህ ሁሉ ጥቂት ወጪ እንደሚጠይቅ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ኮረሪማውንና ማሩን ለውጭ ገዢ የሚያቀርብ አገር አፈሩና ውሃው ንጹሕ መሆኑ ትልቁ የንግድ ሀብቱ ነው። አንድ ጊዜ በመርዝ የተጠረጠረ ገበያ ስሙን ለማደስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ የሚናማታ ዓሣ አጥማጆች ይህን በኑሯቸው አይተውታል። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ባዚቃ በቅርብ የሚያዘው በአስመጪው የትእዛዝ ወረቀት ላይ ነው፤ ኦሞ ከገባ በኋላ ግን የሚይዘው የለም።