የምድር እንፋሎት ለመተማ ገበሬ ምኑ ነው?

የመተማ ገበሬዎች ሆይ!

ምድር ውስጧ ትኩስ ነው። በስምጥ ሸለቆ ይህ ሙቀት ወደ ላይ ይቀርባል። ፍል ውኃ የሚፈልቀውም ለዚህ ነው።

በላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ አሉቶ የሚባል ተራራ አለ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. እዚያ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ የጠለቁም አሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከጉድጓዱ የወጣው እንፋሎት ሞተር አዙሮ መብራት ሰጠ። የፈላ ድስት ክዳኑን ያነሣ የለ? እንደዚያው ነው።

«ታዲያ አሉቶ ሩቅ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። መብራት እኮ በሽቦ ይሄዳል! ከጎንደር በመተማ አድርጎ ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋውን ትልቁን ሽቦ አስቡ። ዳሩ ግን ሽቦ በራስ ላይ ስላለፈ ብቻ ቤት አይበራም። ኃይሉን ቀንሶ ለመንደር የሚያወርድ ጣቢያና ሌላ ሽቦ ያስፈልጋል።

በእኔ አስተያየት ቴክኒክ የሚጠቅመው ተደራጅቶ ለሚጠይቅ ነው። ዝም ካልን ማገዶ ስንል ዛፉን እንጨርሰዋለን። ስለዚህ ማኅበራችሁ ይሰብሰብ። ወፍጮው፣ የውኃ መሳቢያው፣ የሰሊጥ መጭመቂያው የት እንደሚያስፈልግ ይምከር፤ ለመንግሥት ያመልክት።

ዛሬ ፊደል ቆጥራችኋል። ማመልከቻውን ለሌላ ሰው ከፍላችሁ አታስጽፉ። በገዛ እጃችሁ ጻፉት!