የምርምር ፍሬ በሠራተኛው ማዕድ ይለካል

አንድ የመንግሥት የሰብል ማሻሻያ ተቋም የሚመዘነው በመዝገብ ባሰፈራቸው ዝርያዎች ብዛት ሳይሆን በገበሬው ማሳ በቅለው ከሠራተኛው ማዕድ በደረሱት መሆኑ አሌ የማይባል ሐቅ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች የሚሠራው ወዝአደርና የሰፈሩ ነዋሪ የድንች ዋጋ በናረ ቁጥር ምክንያቱን በነጋዴው ስግብግብነት ብቻ ሊፈልገው አይገባም። የችግሩ አንደኛው ሥር ያለው ከዘሩ ላይ ነው።

የግብርና ምርምር ተቋማችን በ1958 ዓ.ም. ተመሠረተ። የሆለታ ምርምር ማዕከል፣ መቀመጫውን በፔሩ ካደረገው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ጋር በመተባበር፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጃለኔን፣ በ2006 ጉደኔን፣ በ2009 ደግሞ በለጠን ለገበሬው አበርክቷል። ይህ በሕዝብ ገንዘብ የተገኘ የሕዝብ ሀብት ነው።

ይሁን እንጂ የማሻሻል ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም። በክረምት ርጥበት እየተዛመተ ቅጠሉን አቃጥሎ ድንቹን የሚያበሰብሰው በሽታ ጠባዩን ይለዋውጣል፤ ትናንት የተቋቋመውን ዝርያ ዛሬ ሊያሸንፈው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሐብ ያለቀው፣ ድሃው ኑሮውን በአንድ ዓይነት ድንች ላይ ጥሎ ሳለ ይኸው በሽታ ስለደረሰበት ነበር። ስለሆነም ነባሩ ዝርያ ገና ሳይሸነፍ ተተኪው በሙከራ ማሳ ላይ ሊገኝ ይገባል።

ሁለተኛው እንቅፋት የዘር ብዜት ነው። ለአንድ ሄክታር እስከ 20 ኩንታል ዘር ድንች ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ድንች የሚተከለው ራሱ ድንቹ እንደመሆኑ መጠን ቫይረስና አጠውልግ በሽታ ከዘሩ ጋር ከዓመት ወደ ዓመት ይሸጋገራሉ። በቤተ ሙከራ የጸዳ ዘር ተባዝቶ በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ካልተሠራጨ፣ ምርጡ ዝርያ የመዝገብ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የፕሮግራሙ አመራር ሦስት ነገሮችን አጥብቆ ሊይዝ ይገባል። አንደኛ፣ የማዳቀሉ ዓላማ የአምራቹን ብቻ ሳይሆን የበላተኛውንም ፍላጎት ይያዝ፤ ፈጥኖ የማይበስል ወይም በወጥ ውስጥ የሚፈራርስ ድንች ምርቱ ቢበዛም ገበያ አያገኝም። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ሙከራ ውጤት የወደቀው ሳይደበቅ በትክክል ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ የአዳቃዩ፣ የዘር አባዡና የገበሬው ሥራ በአንድ ዕቅድ ይተሳሰር።

የሰፈር ማኅበራትና የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትም ከተመልካችነት መውጣት አለባቸው። የሚገዙትን ድንች ዝርያ ይጠይቁ፤ የወደዱትንና የጠሉትን ከነምክንያቱ ለግብርና ባለሙያዎች ያሰሙ፤ በጓሮ የሚያለሙም ከገበያ የተገዛን ድንች ሳይሆን የተረጋገጠ ዘር ይትከሉ። በሕዝብ ገንዘብ የሚካሄድ ምርምር የሕዝብን ድምፅ ሊሰማ ግዴታው ነው፤ ድምፁን ማሰማት ደግሞ የሕዝቡ ድርሻ ነው። የምርምሩ ፍሬ ከማዕዳችን እንዲደርስ እንረባረብ!