ቡናና ኤሌክትሮን በአንድ ሚዛን

በጅማ መርካቶ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ፈላስፋ ነው። ሰሞኑን ከአንዱ ቡና ቤት ደጃፍ ላይ የሳይንስ ነገር ተነሥቶ «ኤሌክትሮኖች ሁሉ ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው» ብል ሳቁብኝ። «የአንድ እጅ ጣቶች እንኳ እኩል አይደሉም! ልዩነታቸው ያልታየው መሣሪያው ስላልደረሰበት ነው» አሉኝ። ፊት ለፊታችን የቡና ጆንያ ይራገፍ ነበርና ማስረጃቸው ሩቅ አልነበረም፤ ከአንድ ዛፍ የተለቀሙ ሁለት ፍሬዎች እንኳ አንድ አይሆኑም።

ስለ ቡናው እውነት ብለዋል። ስለ ኤሌክትሮኑ ግን ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውም ትሕትና መስሎ የሚቀርብ የአእምሮ ስንፍና ነው።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ሲኒና ሁለት ፍሬ ቡና ያቅርቡ። ፍሬዎቹ በዘፈቀደ ቢጣሉ አራት ዓይነት አወዳደቅ አለ፦ ሁለቱም በግራው፣ ሁለቱም በቀኙ፣ ይህ በግራ ያ በቀኝ፣ ወይም ተገላቢጦሹ። በአንድ ሲኒ አብረው የመገኘታቸው ዕድል ግማሽ ነው። ዓይናችን ፍሬዎቹን መለየት ቢሳነው እንኳ ይህ ቁጥር አይለወጥም። በፍሬዎቹ ቦታ የብርሃን ቅንጣቶችን ብንተካ ግን ተፈጥሮ የምትቆጥረው ሦስት ብቻ ነው፤ «ይህ» እና «ያ» የሚባል የለምና። ዕድሉም ከሦስት ሁለት ይሆናል። በዳካ ያስተምር የነበረው ህንዳዊው ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1924 የጋለ አካል የሚረጨውን ብርሃን ሕግ በዚህ አቆጣጠር አገኘው፤ አንስታይንም ጽሑፉን ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አሳተመለት። ስውር ልዩነት ቢኖር ኖሮ ሒሳቡ ከመለኪያው ጋር ባልገጠመ ነበር።

ኤሌክትሮን ደግሞ ይብሳል። ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1925 እንዳስረዳው፣ በአንድ አቶም ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት ሁኔታ ሊይዙ አይችሉም። ይህ ክልከላ የሚሠራው ፍጹም አንድ በሆኑት መካከል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የየራሱ ምልክት ቢኖረው ኖሮ ሁሉም ወደ ታችኛው እርከን ወርደው በተከመሩ ነበር። ያን ጊዜ ካርቦንም ናይትሮጅንም እንደምናውቃቸው አይሆኑም፤ ካፌይን የለም፣ ጀበና የለም፣ ተከራካሪዎቼም የሉም (ይህ የመጨረሻው ብዙ ባያሳዝነኝም)። የጌራ ቡና ከማና ቡና የሚለየውም በኤሌክትሮኖቹ ማንነት ሳይሆን በአደራደራቸው ነው።

የሚገርመኝ፣ ለኤሌክትሮን ስም ካላወጣን ብለው የሚሟገቱት ሰዎች ቡናው ስሙን ሲነጠቅ ዝም ማለታቸው ነው። በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ምርት ገበያው ሲገባ፣ ናሙናው ተወስዶ፣ ጥቁሩና የተበላሸው ፍሬ ተቆጥሮ፣ ተቀምሶም «ያልታጠበ ጅማ 5» ከተባለ በኋላ አንዱ ጆንያ በሌላው የሚተካ ሸቀጥ ሆነ። የለቀመው መንደር ስም ከመጋዘኑ በር አላለፈም። ጥቅም አልነበረውም አልልም፤ ሻጭ ገንዘቡን በጊዜው ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ጀንፈሉን በአልጋ ላይ እያገላበጠ ያደረቀውና መሬት ላይ አስጥቶ የተወው ገበሬ አንድ ደረጃ ውስጥ ከወደቁ፣ የመጀመሪያው ድካም የት ገባ? ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ሕጉ እየተሻሻለ የምንጩን ዱካ የመያዝ ነገር ተጀምሯል፤ ዘግይቶም ቢሆን።

ያን ዕለት የሚራገፈው ቡና ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ወዳጆቼን ጠየቅኋቸው። «የጅማ ነዋ!» ብለው ወደ ኤሌክትሮናቸው ተመለሱ።